እናቴ ያልተቀበለችው ጽዋ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ የለም፣ የተሰደደም የለም፤ የሆነው ሁሉ እናቴ አንድ ጽዋ አልቀበልም ማለቷ ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ ግን በዚሁ አለቀ።

የእናቴ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ የደገሰችው ጽዋውን ለቀጣይዋ ታስረክባለች። በጥር ሶለንቱና፣ በምንኖርባት የባሕር ማዶ ከተማ ዳር፣ ሰብሳቢዋ ቤት ነበር። እኔም ለማስተናገድ ሄጄ ነበር። ተረኛዋ እዚያው ከተማ ፋርስታ ሰፈር የምትኖረው የእናቴ ጓደኛ ናት፤ ከእሷ ቀጥላ እናቴ። የጓደኛዋ ልጅ ከአንዲት ሴት ጋር በፍቅር እንደምትኖር በዚያ ሰሞን ተሰምቷል።

ሰብሳቢዋ ጽዋውን አንስተው በቀጥታ ወደ እናቴ ዘረጉ።

«የእሷ ቤት ለጊዜው ይረፍ።»

«ምነው፣ ቤቱ ታሟል?» አለች እናቴ።

«እያወቅሽ አታድርቂኝ!»

«እትዬ፣ የእርስዎ ልጅ ሚስቱን ጥሎ ከሌላዋ ጋር ሲኖር ጽዋው ዘሎዎት ያውቃል? የእኔ ተራ ከእሷ በኋላ ነው። ገና አልደረሰም።»

ጓደኛዋ ነጠላዋን እያስተካከለች ወለሉን ታያለች። እዚህ አገር ከማኅበሩ ሌላ ዘመድ የላትም። ጽዋው ተመልሶ የሰብሳቢዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ማኅበሩም ቆመ።

ከዚያ በኋላ ስልክ ብቻ ሆነ። እናቴ አረጋውያን ስታነሣና ስታስተኛ ውላ ትገባለች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ይደወላል። «ነገ የአንቺም ልጅ ትለምዳለች» ይሏታል የማኅበሩ ሴቶች። «እሺ» ብላ ትዘጋለች።

ላግዛት ብዬ አንድ ቀን ባቡር ውስጥ ስለ እንዲህ ያለ ፍቅር ከትምህርቴ ያጠናሁትን በጥንቃቄ ማስረዳት ጀመርኩ። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እሱን ለፈተናሽ አቆዪው» አለችኝ። ቀጥላ ግን፣

«ያቺ አብራት የምትኖረው ልጅ ደግ ናት?»

«ደግ ናት።»

«ነገሩ ገብቶኛል አልልም። የጓደኛዬ ልጅ ግን እጄ ላይ ነው ያደገችው። እናቷን ከደጅ አቁሜ እኔ ምን ብዬ እጠጣለሁ?»

ሰው መጀመሪያ ተረድቶ ከዚያ ከሌላው ጎን የሚቆም ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ሰብሳቢዋ ራሳቸው ደወሉ። «ደከመኝ፤ ትውሰደው» አሉ፤ ጽዋውም ወደ እናቴ ጓደኛ ሄደ።

ፋርስታ ግማሾቹ አልመጡም። ወጡ ተረፈ። የጓደኛዋ ልጅና ፍቅረኛዋ ባዶ ወንበሮቹን ሲያነሱ እናቴ ጠርታ በየተራ አጎረሰቻቸው። ስንመለስ ተራዋ ደርሶ የተረከበችውን ጽዋ ጭኗ ላይ እንደያዘች ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።