ከዚህ ወዲያ የኔ ነው

ልጅ ሳለሁ ጨለማን የምፈራው ለራሱ ለጨለማው ብዬ አልነበረም፤ እናቴ ከገበያ ሳትመለስ ቀድሟት ስለሚመጣ ነበር። የምንኖረው ደሴ፣ ከገበያው በታች ባለው ሰፈር ነው። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ እናቴ በርበሬና ቅመም እየቸረቸረች ነው ያሳደገችኝ። ያኔ መብራት ያለው በዋናው መንገድ ላይ ብቻ ስለነበር ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ሰፈራችን ባንዴ ይጠቁራል፤ እኔም በራችን ደፍ ላይ ተቀምጬ ዛሬስ ሳትመጣ ብትቀር፣ መኪና ቢገጫት፣ ታማ መንገድ ላይ ብትወድቅ እያልኩ አስብ ነበር። ይህ ጠባይ ሸምግዬም አልለቀቀኝም። ዛሬም ኦስሎ፣ ቫይትቬት በሚገኘው የልጄ ቤት ምድጃው መጥፋቱን አይቼ ወደ በሩ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ ደግሜ አያለሁ።

ከቤታችን ፊት ለፊት አያ እንድሪስ የሚባሉ ኩራዝ ሠሪ ነበሩ። ባዶ የዘይትና የምግብ ጣሳ እየቆረጡ ኩራዝና ኩባያ ይሠራሉ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሱቃቸው ሆነው አዩኝና፣ «አንተ የዘሀራ ልጅ! መንገዱን እኮ በዓይንህ ጨረስከው። እናትህ በምን ላይ ትምጣ? ይልቅ ና እሳት ሙቅ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ከመንገዱ ጫፍ ሆና እስክትጠራኝ ድረስ እሳቸው ዘንድ አመሽ ነበር። የሰፈሩ ሌሎች ልጆችም ይመጣሉ።

አያ እንድሪስ ቀን የሠሩትን ኩራዝ ሳይፈትሹ አይሸጡም። ሲመሽ በየኩራዙ ትንሽ ትንሽ ላምባ ያንጠባጥቡና ክር አስገብተው በመደዳ ይለኩሷቸዋል፤ የሚያፈሰው በዚያ ይታወቃል። ስለዚህ ድፍን ሰፈሩ ሲጨልም የሳቸው ሱቅ ብቻ ሰርግ ያለበት ይመስል ነበር። የላምባው ጢስ አፍንጫችንን ያጠቁረዋል፤ ከሥር ደግሞ ቆርቆሮ የሚያጣብቁበት ብረት የሚግልበት የከሰል ፍም አለ፤ የቀለጠው እርሳስ ሽታ ጉሮሮ ይከረክራል። የዛሬ ሰው ቢያይ ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ ይቀመጣል ወይ ይል ይሆናል። ያኔ ግን በዓለም ላይ ከዚያ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም ነበር።

መብራቶቹ እየተፈተሹ ሳለ አያ እንድሪስ አንድ ዕቃ ያነሱና «ምን ነበር?» ይላሉ። ኩራዙ ኩራዝ ከመሆኑ በፊት ምን ነበር? የእግራችን በረባሶ በረባሶ ከመሆኑ በፊት ምን ነበር? እኛ እየተጯጯህን እንገምታለን። ከዚያ ዕቃውን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ያሳዩናል፤ በኩራዙ ሆድ ውስጥ የቀረች ግማሽ ፊደል፣ መቀስ የቆረጣትና ግማሽ ፊቷ ብቻ የተረፈ የሴት ሥዕል፣ ጎኑ ላይ ያለ ጎድጓዳ። «ዘይት ነበር። በባሕር ነው የመጣው፤ ጨው የበላው ቦታ ይኸውላችሁ። እዚህ ጋ ደግሞ ወድቋል» ይላሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ «እስከዚህ ቆርቆሮው ነው የነገረኝ። ከዚህ ወዲያ የኔ ነው።»

ተረቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነበር። አሰብ ወደብ ላይ ጣሳውን ስለጣለው ኩሊ፣ ኩሊውን ስላስደነገጠችው ጦጣ፣ ጦጣዋ ስላመለጠችበት የሀብታም ሰርግ ያወሩናል፤ አንዲት ኩራዝ ተፈትሻ እስክታልቅ ድረስ አገር ለአገር ስንዞር እናመሻለን። እኛ ልጆች ያቺን ቃላቸውን አንወዳትም ነበር፤ ልክ ልባችን ሲሰቀል ታቋርጠናለች። «አያ፣ እሷን ይዝለሏት!» ብሎ የሚጮህ አይጠፋም። «እሷማ ክሯ ነች፤ ያለ ክር አይነድም» ይሉ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ጉሮሮ መጥረጊያ እቆጥራት ነበር።

በሱቁ ውስጥ አንዲት ሹካ ነበረች። አንድ ፈረንጅ የጎበጠ ጥርሷን እንዲያቃኑለት ሰጥቷቸው ሳይመለስ ስለቀረ የጋለ ቆርቆሮ ያነሱባት ነበር። ያኔ በሰፈራችን በሹካ የሚበላ ሰው ስላልነበረ ሁላችንም እንደ ብርቅ ነው የምናያት። ድሮ ድሮ፣ አሉን አንድ ማታ፣ ትኩስ ሥጋ ጣቱን ያቃጠለው የንጉሥ ወጥ ሠሪ እያለቀሰ ጓሮ ሲወጣ ዶሮ መሬት ስትጭር አየ፤ እግሯን አይቶ ሹካን ሠራ። የዶሮ ጣት አራት ነው፣ የሹካዋም ጥርስ አራት ነው፤ በማግስቱ የጎረቤት ዶሮ አባርሬ ይዤ ቆጥሬያለሁ።

እናቴ «ሁሴን!» ብላ ስትጣራ ተረቱ የትም ይድረስ የት ተነሥቼ እሮጣለሁ። ብዙውን ተረት መጨረሻውን ሳልሰማ የቀረሁት በዚህ ነው። አልቆጨኝም፤ ያኔ የማታው ሁሉ መጨረሻ የእናቴ ድምፅ ነበር።

ወደ ኦስሎ የመጣሁት ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ነው። ልጄ ሰአዳ አልናብሩ በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ ተራዋ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። የልጅ ልጄ ኢልሃም አምስተኛ ክፍል ስትገባ ትንንሾቹን ከትምህርት በኋላ የሚያቆዩበት ቦታ ለሷ ስላበቃ፣ እናቷ እስክትመጣ አብሬያት የምቆየው እኔ ሆንኩ። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የከተማው አስተዳደር፣ ኮሙኑ፣ የከፈተልንን የቋንቋ ኮርስም ብሳሳት ይስቁብኛል ብዬ አፌን ሳልከፍት ነው የጨረስኩት። ጎረቤቶቻችን ደጎች ናቸው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ሄይ» ይሉኛል፣ እኔም «ሄይ» እላለሁ፣ በዚሁ እንለያያለን። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የማወራው ሰው ኢልሃም ብቻ ነበረች። በሩን በርግዳ ቦርሳዋን ስትጥል ነበር ቀኔ የሚጀምረው።

ኢልሃም እንግዳ ነገር ማወቅ ትወዳለች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ቪስተ ዱ፣ አባባ፣ ታውቃለህ? ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው!» ትለኛለች። ሌላ ቀን ካሮት ድሮ ሐምራዊም ነበር ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ አይብ በስሱ የምንቆርጥበትን ቢላ ከመሳቢያ አውጥታ፣ ይህን የፈለሰፈው አንድ የኖርዌይ አናጢ ነው፣ ከእንጨት መላጊያው ነው የቀዳው አለችኝ። ቢላውን አገላብጬ አየሁት፤ እውነትም መላጊያ ነው! ለብዙ ጊዜ ሳላስባቸው የኖርኩት አያ እንድሪስ ያን ቀን ፊቴ ድቅን አሉ።

«ምን ነበር?» ማለትን የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እሷ አንድ ትነግረኛለች፣ እኔ አንድ እነግራታለሁ። ጦጣዋን ነገርኳት፤ በረባሶ ከመሆኑ በፊት ጎማው የወጣቸውን ተራሮች ነገርኳት፤ የሹካዋንም ነገርኳት። «ዛሬስ?» እያለች ስትመጣ፣ ቀን ቀን የምነግራትን እያዘጋጀሁ መዋል ያዝኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ስፈለግ ትዝ አይለኝም።

አንድ ቀን ግን ቦርሳዋን ሳትጥል ገባች። የሹካዋን ነገር ክፍል ውስጥ ተነሥታ ተናግራ ኖሯል።

«ውሸት ነው፣ አባባ» አለችኝ። «ከአስተማሪያችን ጋር ፈለግን። ዶሮ የለም። የትም ቦታ ምንም ዶሮ የለም!»

ትምህርት ቤት ማትፓከዋን፣ ከቤት የያዘችውን ምሳ ማለት ነው፣ ስትከፍት አንዱ ልጅ እንደ ዶሮ ጮኸባት፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ይህን ከነገረችኝ በኋላ እሷ ሳሎን ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሳልስቱም እንደዚያው። ምግብ አቀርባለሁ፣ «ታክ»፣ አመሰግናለሁ፣ ትለኛለች፣ ትበላለች። ሁለታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማኛል። ይቺ ልጅ ከተዘጋችብኝ በዚህ አገር አንድም የሚሰማኝ ሰው እንደማይኖር ያን ጊዜ ገባኝ፤ አዲስ ነገር ልንገራት ስል ደግሞ እሱም ውሸት ቢሆንስ ብዬ እመልሰዋለሁ።

ለሰአዳ ነገርኳት። የሥራ ጃኬቷን እያወለቀች፣ «እርስዎ ደግሞ፣ አባባ! ተረት ነው ቢሏት ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«እውነት ነው እኮ አላልኳትም።»

«ተረት ነውም አላሏትማ!»

ይህን ብላኝ ወደ ሶላቷ ሄደች። እኔ ኩሽና ውስጥ ዕቃ አጥብ ነበር። በእጄ የነበረው ኢልሃም ዳቦ ላይ የምታደርገው የማኬሬል ዓሣ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ጣሳ መጣል አይሆንልኝም፤ ሁልጊዜ አጥቤ መስኮቱ ሥር እደረድራለሁ፣ ሰአዳም ሁልጊዜ ትቆጣኛለች። ያን ቆርቆሮ ወደ መብራቱ ሳዞር፣ የአያ እንድሪስ ድምፅ ከነዝምታቸው መጣልኝ። ተረቶቻቸውን ሁሉ ይዤ ያቺን ቃል ግን ጥያት መጥቻለሁ። ልጆች ሳለን ይዝለሏት እያልን የጮህንባትን ቃል እኔ በደስታ ዘልያት ኖሯል።

ኅዳር ስለነበር በማግስቱ ኢልሃም ስትመጣ ደጁ እየጨለመ ነው። የዚህ አገር ሰዎች በየመስኮቱ የሚያበሩትን ዓይነት ትንሽ ሻማ ለኮስኩ። ጣራው ላይ ያለው የጢስ ደወል እንዳይጮህ ፈርቼ መስኮቱን ገርበብ አደረግኩ፤ ሻማውንም ውሃ ባለበት ሳህን መሃል አስቀመጥኩት። ከዚያ ባዶውን ቆርቆሮ አንሥቼ፣ «ኢልሃም፣ ምን ነበር?» አልኳት።

አንድ ጆሮዋን ብቻ ከማዳመጫው አወጣች። «ማክሬል፣ አባባ። ተጽፎበታል።»

«ሌላስ?»

ቀስ ብላ መጣች። ወደ ሻማው አስጠግታ አገላበጠችው። «ሥሩ ላይ ቁጥር አለ። እዚህ ጋ ደግሞ ተጋጭቷል።»

«ከምን ጋር?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አልኳት። «እስከዚህ ቆርቆሮው ነው የነገረን። ከዚህ ወዲያ የኔ ነው።»

«የኔ ማለት?»

«እኔ የምፈጥረው ማለት ነው። አንድ ሰው ቢጠይቅሽ አባባ ነው የፈጠረው በይው።»

«ዶሮዋም ያንተ ነበረች?»

«የአያ እንድሪስ ነበረች» አልኩና ስለሳቸው፣ ስለኩራዞቹና ስለዚያች ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። ምን ጊዜም ተረታቸውን እንጂ እሳቸውን አንሥቼላት አላውቅም ነበር።

«ታዲያ መጀመሪያ እንደዚህ አትለኝም፣ አባባ! እኔ ላይ እኮ ነው የጮኹት» አለች፤ ግን ማዳመጫውን ከአንገቷ አወለቀችው። «ቆይ፣ ይሄን እኔ ላውራው። ከዚህ ወዲያ የኔ ነው!» ብላ አንድ ማኬሬል በባቡር ወደ ቫይትቬት ሲመጣ እንቅልፍ ወስዶት መውረጃውን እንዳለፈ ግማሹን በኖርስክ ግማሹን በአማርኛ ታወራልኝ ጀመር። ግማሹ አልገባኝም። እየሳቀች ስለነበር እኔም ሳቅኩ። ስትጨርስ ሻማዋን ቆርቆሮው ውስጥ አስገብታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው፤ ውስጡ እንደ ወርቅ አበራ።

ከዚያ፣ «አያ እንድሪስስ? በኋላ ምን ሆኑ?» አለችኝ።

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ ጎርመስ ስል ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቼ ሄድኩ። ከዓመታት በኋላ ስመለስ በሰፈራችን መብራት ገብቶ ነበር፤ የኩራዝ ገዢ የለም፤ የሱቁ በር ተዘግቶ ቁልፉ ዝጓል። ያኔ ወጣት ስለነበርኩ አልፌ ሄድኩ፤ እናቴም በሕይወት ሳለች አልጠየቅኳትም። ኢልሃም ስለጠየቀችኝ የስልክ ካርድ ገዝቼ ደሴ ያለ አብሮ አደጌ ጋ ደወልኩ። «አያ እንድሪስ? ቆርቆሮ ሠሪው? ባቲ ሄዱ ሲባል ሰምቻለሁ፤ አሰብ ወርደዋል ያለም ነበር…» እያለ ካርዱ አለቀ። ዘመድም አያውቁላቸውም፣ መቃብራቸውንም የሚያውቅ አላገኘሁም።

ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አለፈ። ኢልሃም አድጋለች። አሁን የራሷ ቁልፍ አላት፤ ከትምህርት በኋላም የእጅ ኳስ ትጫወታለች፣ ጓደኞችም አሏት። ቤቱ ከቀትር በኋላ እንደገና ጸጥ ብሏል። ክፉ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ልጅ እንዲህ ነው የሚያድግ። ግን ሲጨልም መስኮቱ ጋ ቆሜ ከባቡር ጣቢያው የሚወጣውን መንገድ አያለሁ፤ ዛሬስ ብትዘገይ፣ በረዶው ቢያንሸራትታት እያልኩ። መንገዱን በዓይኔ ልጨርሰው ስል ራሴን እገስጽና ያችን የማኬሬል ቆርቆሮ አምጥቼ ሻማዋን እለኩሳለሁ፣ ጠረጴዛው ጋም እቀመጣለሁ። ከኩራዝ ሠሪው ሱቅ የተረፈኝ ምንድን ነው ብዬ ሳስብ ተረቶቹ አይደሉም፤ አንድ ሰው እናቴ እስክትመጣ ድረስ አብሮኝ መቀመጡ፣ የማያውቀው ጋ ሲደርስ ደግሞ ቆም ብሎ መናገሩ ነው።

ስለዚህ ዛሬም ያየሁትን ብቻ ላስቀምጥ። የሱቁ በር ተዘግቶ ነበር። ቁልፉ ዝጎ ነበር። በበሩ ሥር ክር የሌላት አንዲት ኩራዝ ወድቃ ነበር። እስከዚህ ያየሁት ነው፤ ከዚህ ወዲያ የኔ ነው።

አያ እንድሪስ ያችን ሹካ በኪሳቸው ይዘው አሰብ ወረዱ። ጣሳው የወደቀበትን ቦታ አገኙት፤ ኩሊውም አርጅቶ እዚያው ተቀምጧል። ማታ ማታ ሁለቱ ባሕሩ ዳር ፍም ያነዳሉ፤ እናታቸው የዘገየችባቸው የወደቡ ልጆች ይሰበሰባሉ። አንድ ማታ ማዕበል ዓሣ የተሣለበት ቆርቆሮ ያመጣላቸዋል። አያ እንድሪስ አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያስጠጉትና ልጆቹን «ምን ነበር?» ይላሉ፤ ልጆቹ መጯጯህ ሲጀምሩ—

የኢልሃም ቁልፍ በሩ ላይ ዞረ። ተነሣሁ።