ያልተሸጠች ፍየል ኮቴ

ትናንት ለልጄ በስልክ ገንዘብ ልልክላት ስል፣ ገንዘቡ ሳይሄድ መልእክት መጣ፦ የአገልግሎት ክፍያው ይህን ያህል ነው፤ ይስማማሉ? ስልክ እንኳ አስቀድሞ ያስረዳል። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ያስረዳሁት ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ።

ያኔ ሸዋ ሮቢት ከብት ገበያ በር ላይ ኮቴ ሰብሳቢ ነበርኩ። ኮቴ በከብቱ ቁጥር ልክ የሚከፈል የገበያ ቀረጥ ነው። የግንቦት ሙቀት መቼም አይጣል ነው፤ የደረሰኙ ጥራዝ በላቤ ይርሳል፣ የበሰለ ማንጎ ሽታ ከፍየል በጠጥ ጋር ተደባልቆ ያፍናል።

እትዬ ዘይነባ ከዳገቱ ሥር ካለ መንደር አንዲት ቀይ ፍየል እየጎተቱ መጡ። ክረምቱ ሳይገባ ሸጠው የማሾ ዘር ሊገዙባት ነው። መግቢያው ላይ አስከፈልኳቸው፤ ፍየሏ ሳትሸጥ ተመለሰች። በሳምንቱም እንደዚያው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ለሃያ ሰው ያህል ደረሰኝ ከቆረጥኩ በኋላ፣ አለቃዬ ጋሼ ተፈራ ጠጋ ብለው ተቆጡኝ። «ኮቴ የሚከፈለው ሲሸጥ ነው፣ መውጫው ላይ! ሳይሸጥ የተመለሰ ከብት ምን ቤት ነው? መመሪያውን አላነበብክም?»

አላነበብኩም ነበር። እሳቸው ዞር ከማለታቸው እትዬ ዘይነባ ደረሱ። ከመቀነታቸው ሁለት ደረሰኝ ፈትተው፣ «ወላሂ ከፍያለሁ ልጄ፤ ይኸው ወረቀቷ» አሉ። ሁለቴ የተከፈለላት ፍየል እስክትሸጥ ሌላ የማትጠየቅ መስሏቸው ነበር። ፊደል ሳይቆጥሩ ከእኔ ይልቅ ለመመሪያው የቀረቡት እሳቸው ነበሩ።

በነፃ ባስገባቸው ግን የከፈለው ሁሉ ገንዘቤን መልስ ሊለኝ ነው። ጎሮሮዬን ጠረግሁና፣ «እትዬ፣ ደረሰኝ የሚያገለግለው ለዕለቱ ብቻ ነው። የዛሬው ሌላ ነው» አልኳቸው።

«እንዲያ ነው ለካ» አሉ። ሌላ ሳንቲም ስላልያዙ መግባት አልቻሉም። በሩ ላይ ያደባ የነበረ ነጋዴ ፍየሏን በግማሽ ዋጋ ወሰዳት፤ እኔ አቀርቅሬ ለተከታዩ ሰው ደረሰኝ ቆረጥኩ። በዚያ ክረምት የማሳቸው እኩሌታ ጦሙን አደረ። ከመንገዱ ይታይ ነበር፤ በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

አንድ ሳንቲም አልበላሁም እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልኩ። የሚቆጠቁጠኝ ግን ሌላ ነው። እትዬ ዘይነባ እስኪሞቱ ድረስ ባገኙኝ ቁጥር፣ «ሌላው ይገፈትረናል፤ አንተ እንኳ በወግ አስረድተኸኛል፣ አላህ ይስጥህ» ይሉኝ ነበር። እኔም አሜን እል ነበር።

ትናንት ገንዘቡ ቢዘገይባት ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ ክፍያው በዛብህ እንዴ?»

«አይ» አልኳት፤ «እያነበብኩት ነው።»