አጥቤ የመለስኩት ጃኬት

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሃና የአባቷን የበረዶ ጃኬት አጥባ አመጣችልኝ። እንግልውድ ካለው ክሊኒክ እንደወጣች በቀጥታ ወደ እኔ ወደ አውሮራ ነው የነዳችው፤ የነርስ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ጃኬቱን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ማሚ፣ ሰርፕራይዝ! ዋሽ አደረግኩት። ሰንደይ እሱን ለብሼ ስኪ ልሄድ ነው። ዳዲ ደስ አይለውም?»

ማክሰኞ «ልለካው» ብላ ወስዳው ነበር። እንደምታጥበው አልነገረችኝም። ተቀብዬ ኮሌታውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ባሌ ካሳሁን ካረፈ ስምንት ወሩ ነው፤ በእነዚህ ስምንት ወራት ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ያንን ኮሌታ ስንት ጊዜ እንዳሸተትኩት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አሁን የሚሸተው አበባ አበባ ነው። የልብስ ማለስለሻ። ያውም ሳይሰስቱ የጨመሩት።

«ደስ ይለዋል» አልኳት። «እጅሽ ይባረክ።»

ጃኬቱን መልሳ ይዛ ሄደች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ሻይ ጥጄ ረሳሁት። የተጣጠፈ ፎጣ ዘርግቼ እንደገና አጠፍኩ። መስኮቱ ጋ ሄጄ ሰማዩን አየሁ፤ ለእሑድ፣ እሷ ልትንሸራተት በምትሄድበት ተራራ ላይ እርጥብ በረዶ ይጥላል ተብሏል። በማለስለሻ የታጠበ የበረዶ ጃኬት ውሃ እንደሚጠጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አውቄ ግን «እጅሽ ይባረክ» ብዬ ሸኘኋት።

የማውቀውም አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ስላበላሸሁ ነው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ፎቅ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ መሃል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንሶላና ፎጣ ነው። በዚያ ዕድሜዬ የምኮራበት ሌላ ነገር አልነበረኝም፤ የወይን ጠጅ ይሁን የሰው ደም፣ ከነጭ ጨርቅ ላይ የማላስለቅቀው እድፍ የለም ብዬ አምን ነበር።

ካሳሁን ሰዎች በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ተራራ ላይ ነበር የሚሠራው። በገመድ በሚንሸራተተው ወንበር ላይ ሰዎችን እያስቀመጠ ወደ አናቱ ይልካል። የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ዴንቨር ወርዶ ኢስት ኮልፋክስ ከሚኖረው ከጓደኛው ከኑረዲን ዘንድ ያድራል። እዚያው ሰፈር ባለች የሐበሻ ግሮሰሪ ሁለት ሦስት ጊዜ ተያይተናል፤ እኔ ሽሮ ስገዛ፣ እሱ ሁልጊዜ ቆሎ ሲገዛ።

አንድ የሚያዝያ ቀን አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስን አብረን ስንጠብቅ በረዶ ጣለ። የኮሎራዶን የሚያዝያ በረዶ የማያውቅ ሰው ደረቅና ቀላል ይመስለዋል። አይደለም። እንደ እርጥብ ጥጥ ከባድ ነው፤ ትከሻ ላይ እንዳረፈ ውሃ ይሆናል። እኔ ከላይ የለበስኩት ስስ ሹራብ ብቻ ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ አታልላኝ። ካሳሁን ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ።

«አንተስ?»

«እኔ በበረዶ የምመታው ደሞዝ እየተከፈለኝ ነው» አለ። «አንቺ ለምን በነፃ ትመቻለሽ?»

ጃኬቱን ለብሼ ቤቴ ገባሁ። የሞተር ቅባትና የቀዝቃዛ አየር ሽታ ነበረው። ኮሌታው ጠቁሯል፤ ኪሱ ውስጥ አንድ ጭብጥ ቆሎ አለ። ለካ እዚያ ወንበር ሥር ቆሞ ሲውል የሚቆረጥመው እሱን ነው።

በእኛ ቤት የተዋሱትን ልብስ ሳያጥቡ መመለስ ከስርቆት እምብዛም የማይሻል ነውር ነበር። እናቴ የጎረቤት ነጠላ እንኳ ለአንድ ለቅሶ ተውሳ ስትመልስ ከወሰደችበት ይበልጥ አጽድታ ነው። ስለዚህ ጃኬቱን ባኞ ውስጥ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ዘፈዘፍኩት። ኮሌታውን በብሩሽ ፈተግኩት። በመጨረሻ፣ ለሆቴሉ ታላላቅ እንግዶች ፎጣ የምንጨምረውን ማለስለሻ እጥፍ አድርጌ አፈሰስኩበት። ውስጡ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ላይ ስለ አጠባብ የሆነ ነገር ተጽፏል። አላነበብኩትም። እኔን ልብስ ማጠብ ሊያስተምረኝ!

ሲደርቅ እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ ለሰለሰ። ቆሎውን በአንዲት ከረጢት ቋጥሬ፣ ባዶ እንዳይመለስ ከራሴም ጨምሬበት፣ ኑረዲን ቤት ደረጃ ላይ አስረከብኩት። ካሳሁን ጃኬቱን ተቀበለ፣ ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ ትንሽ ቆየና ፈገግ አለ።

«ባለሙያ ነሽ» አለኝ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ በአውቶቡስ አልሄድኩም። በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ያን ሁሉ መንገድ።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስወጣ ኑረዲን ታክሲውን ሆቴሉ በር ላይ አቁሞ ጠበቀኝ። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ትርሲት፣ ነይ ግቢ። ያንን ጃኬት ምን አድርገሽው ነው?»

«አጠብኩት።»

«በምን?»

«በሳሙና ነዋ! በምን ይታጠባል?»

«እሱማ ታጥቧል። ትናንት ሰውየው ራሱ አብሮ ታጠበ። እንደ ስፖንጅ ውሃውን ሲጠጣ ነው የዋለው። ትኩሳት ይዞት እኔ ቤት ተኝቷል። አለቃው ደግሞ ቅዳሜ ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሰህ ካልመጣህ አትምጣ፣ በቦታህ ሌላ ሰው እተካለሁ ብሎታል።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ሌላ ጃኬት መግዛት ያኔ ለማናችንም የሚታሰብ አልነበረም። ፊቴ እንደ እሳት ሲግል ተሰማኝ። ኑረዲን አየኝና አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ግድ የለም፣ ሽታው ግን ግሩም ነው። ታክሲዬን ጭምር አውዶልኛል» አለ። ጃኬቱ ኋላ ወንበር ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

የበረዶ ዕቃ ወደሚሸጥ አንድ ትንሽ ሱቅ ወሰደኝ። ፀጉሯ የሸበተ ሴት እጅጌው ላይ ከብርጭቆ ውሃ ጠብ አደረገችበት፤ ጨርቁ ወዲያው ጠቆረ። «ማለስለሻ ነክቶታል» አለች፣ ሐኪም በሽታ እንደሚናገር። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሳሙናውና ማለስለሻው ጨርቁ ላይ ቀርተው ውሃ ይስባሉ። ለዚሁ በተሠራ ፈሳሽ እንደገና ይታጠባል፤ አረፋ እስኪጠፋ ይለቀለቃል፤ እርጥብ እንዳለ ውሃ የሚከለክለው መድኃኒት ይረጭበታል፤ በመጨረሻ በትንሽ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ ይገባል። «ሁሉም ነገር ማለቅለቁ ላይ ነው» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ቶሎ ይሰለቻል።»

ዓርብ ጠዋት ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። ባኞው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አጠብኩ። አለቀለቅሁ፤ አረፋ። ደፍቼ ሞላሁ፤ አረፋ። ያን ያህል ማለስለሻ ያፈሰሰች እጄን ረገምኳት። እጄ እስኪደነዝዝ ስንት ጊዜ ውሃ እንደቀየርኩ አላውቅም፤ በመጨረሻ ውሃው ዝም አለ፤ የባኞው ወለል እስኪታየኝ ጠራ። መስኮት ከፍቼ ከሱቁ የገዛሁትን መድኃኒት ረጨሁበት፣ የተረፈውን በጨርቅ ጠረግኩ፣ ምድር ቤት ወርጄ ማድረቂያው ውስጥ ከተትኩት፤ ከፊቱም ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁ። ሲወጣ ከጣቶቼ ጫፍ ውሃ ጠብ አደረግኩበት። ውሃው እንደ ዶቃ ድቡልቡል ሆኖ ቆመ። ጃኬቱን ሳዘነብለው ተንከባሎ ወደቀ። ጮክ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ኑረዲን ቤት ይዤው ሄድኩ። ካሳሁን ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የዝንጅብል ሻይ ይጠጣል፤ ኑረዲን ወጥ ቤት ሆኖ ሩዝ ያማስላል። ይቅርታ ለመጠየቅ መንገድ ሙሉ ያሰናዳሁትን ንግግር ጀመርኩ። «መበላሸቱን ማን ያውቃል፣ አንተም አላወቅህ፣ እኔም...» ስል ኑረዲን ከወጥ ቤት ሳቀ።

«ማ? እሱ? ያኔ ደረጃው ላይ ሲያሸተው አውቆታል! ሥራ ሲጀምር አስተምረውታል እኮ፣ ማለስለሻ አይንካው ብለው። ታዲያ ለምን ትለብሰዋለህ ስለው፣ ዝም በል አለኝ።»

ወደ ካሳሁን ዞርኩ። «አውቀህ ነው የለበስከው?»

ሻዩን አየ። «ደስ ብሎሽ ነበር» አለኝ።

ሌላ ሴት ብትሆን በዚህ ትወደው ይሆናል። እኔም ኋላ ወድጄዋለሁ። ያኔ ግን ተናደድኩ፤ እንባዬ እስኪመጣ።

«ሥራህ ቢሄድስ? አንተ ስትንቀጠቀጥ እኔ ባለሙያ ነኝ ብዬ ኮልፋክስን በእግሬ እለካልሃለሁ? ሞኝ ሆኜ ደስ እንዲለኝ አልፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ ትነግረኛለህ። ማልልኝ!»

«ማን ይሙት ልበል?»

«ማንም አይሙት። ብቻ ንገረኝ።»

«እነግርሻለሁ» አለ።

ቅዳሜ ሄደ፤ ጃኬቱ ጠብታ አላስገባም። በዓመቱ ተጋባን። ያ ጃኬት አርጅቶ ሌላ ተተካ፣ ከዚያም ሌላ፤ በየመኸሩ ካሳሁን ራሱ ባኞው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያጥባል፣ ይረጫል፤ እኔን ጨርሶ አያስነካኝም። ቃሉንም ጠበቀ፤ ወጡ ጨው ሲበዛው ነገረኝ፣ ፀጉሬን ሳሳጥር አላማረብሽም አለኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል ነገረኝ። ዐምና ግን አልነገረኝም። ሐኪሞቹ በሽታው እንደማይድን ከጥምቀት በፊት ነግረውታል፤ እኔ ወረቀቱን ያገኘሁት በሰኔ ነው፣ ሃና ከተመረቀች በኋላ። ለምን ብዬ ስጮህበት መልሱ ያው ነበር፤ ልጅቷ ልትመረቅ ነበር፣ ደስ ብሎሽ ነበር። ሴት በሞተ ባሏ ላይ መቆጣቷን ለማን ትናገራለች? እኔ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

ዓርብ ጠዋት ሃና ጋ ደወልኩ።

«ሃናዬ፣ ጃኬቱ ተበላሽቷል። በማለስለሻ አይታጠብም። አንቺ አላወቅሽም፤ እኔ ግን ትናንትና አውቄ ዝም አልኩሽ። አምጪው።»

መጣች። ዐይኗ ቀልቷል። «ማሚ፣ ለምን ጀስት አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበር» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። በሩን ይዤ ቆምኩ። ሃና ያ አባባል የማን እንደሆነ አታውቅም፤ እኔን አልፋ ባኞው ጋ ሄዳ እጅጌዋን ሰብስባ ነበር።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኪሱን ስንገለብጠው ውሃ ጠጥተው ያበጡ አምስት የገብስ ቆሎ ፍሬዎች ወጡ። ሃና ልትጥላቸው ስትል እጇን ያዝኳት፤ የሳሙና ማስቀመጫው ላይ ደረደርኳቸው። አጠበች፣ ደፋች፣ ሞላች። እንደገና ደፋች። ከሦስተኛው በኋላ ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

«ኦኬ ነው አይደል፣ ማሚ? ጠራ እኮ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በጠርዙ ዙሪያ ስስ አረፋ አለ። ደክሟታል፤ ደስም ብሏታል።

«አልጠራም» አልኳት። «ድገሚው።»