ተፈትቶ የተገጠመው ጠመንጃ

ቀበና ካለችው የጠመንጃ መጠገኛዬ የወሰዱኝ ጠዋት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፈቃድ ያለው አዳኝ ያመጣው ጠመንጃ ነበር፤ አፈሙዙ ከሰደፉ ተነጥሎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ዓይነት። በሻንጣ ደብቀህ አስገብተህ፣ እዚያው ገጥመህ ባለሥልጣን ልትገድልበት ነው አሉኝ።

የገባሁበት ክፍል አራት እርምጃ በሦስት ነው። አሥራ አንድ ሆነን ተራ በተራ እንተኛለን። ከጎኔ የነበሩት የየካ ሚካኤል ሰፈር አስተማሪ ናቸው።

መርማሪው በየቀኑ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር።

«ተፈትቶ ሲገጠም ያው ቦታ ይመታል?»

«ይስታል» አልኩት። ውሸቴን ነው። በአራተኛው ቀን የግራ እጄ ሁለት ጣቶች መታጠፍ አቆሙ።

«እንግዲያው ነገ ትገጥመዋለህ፤ እናየዋለን» አለኝ።

ለመምህሩ ነገርኳቸው። መጋጠሚያው ላይ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ብትቀር፣ ብሎኑ ትንሽ ቢላላ፣ ጥይቱ በመቶ እርምጃ ከአንድ ስንዝር በላይ ይስታል።

«በቃ፣ አላልተህ ተወው» አሉኝ። «ከሳተ ክስ የላቸውም።»

በማግስቱ እንጦጦ ወጣን። ባሕር ዛፎቹ መሐል አንድ ወታደር በጠመንጃው ከመቶ እርምጃ ሁለቴ ጣውላ ላይ ተኮሰ። ቀዳዳዎቹ ጎን ለጎን ሆኑ። ከዚያ መርማሪው ጠመንጃውን ፈታትቶ አቧራ ላይ ጣለው። ከመኪናው መምህሩን አስወረደና ጣውላውን አስያዛቸው። ቀዳዳዎቹ ከጆሯቸው አንድ ስንዝር አይርቁም።

«ይስታል ብለህ የለ?» አለኝ። «ግጠመውና ይሳት።»

መምህሩ ከዚያ ማዶ ጮኹ፦ «እንዳልኩህ አድርግ!»

ተንበረከክሁ። መጋጠሚያውን በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁ፤ ደግሜ በጥፍሬ ዳሰስሁት። አፈሙዙንና ሰደፉን ሳጋጥም፣ መጠገኛዬ ውስጥ ሳለ በመርፌ የጫርኳቸው ሁለት መስመሮች አንድ እስኪሆኑ ብሎኑን አጠበቅሁ። የማይታጠፉት ጣቶቼ ሲያስቸግሩኝ በጥርሴ አገዝኳቸው። መርማሪው ይስቅ ነበር። ጠመንጃውን ለወታደሩ ሰጠሁ።

ተኮሰ። ሦስተኛው ቀዳዳ ከሁለቱ አጠገብ አረፈ። መምህሩ ጣውላውን እንደያዙ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሱሪያቸው ረጥቦ ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ተቆጡኝ። «ትወጣ ነበር እኮ! ለምን አልሰማኸኝም?»

«መምህር፣ እባክዎ ይተዉት» አልኳቸው። ጃኬቴን አውልቄ ጭናቸው ላይ ጣል አደረግሁላቸው፤ ወታደሮቹ እንዳያዩ።

ፍርድ ቤት የተነበበው ሪፖርት አጭር ነው፦ ተከሳሹ መሣሪያውን በገዛ እጁ ገጥሞ፣ ጥይቱ ያለ አንዳች ስህተት ያው ቦታ አርፏል። ጣውላውን ማን ይዞ እንደነበር አልተጻፈም። ሰባት ዓመት ተፈረደብኝ።

ዛሬ የልብስ ስፌት መኪና እጠግናለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ንጹሕ እንደነበርኩ እናገራለሁ። ስለ እጄ ሥራ የጻፉትን ግን አንድም ቀን አላስተባበልኩም።