«ሱቅ የለንም፣ ኦንላይን ነን»

አባቴ መስማት ያቆመው ቀስ በቀስ ነው። ጎጆ ከተማ፣ በዚያ በጄልዱ ወረዳ ብርድ፣ ዕድሜውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሲመራ የኖረ ሰው ነበር። መጀመሪያ «እ?» ማለት አበዛ፤ በኋላ ያንንም ተወው። ሰው ሲስቅ አይቶ ይስቃል። እኔ አምቦ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ልጠይቀው ስሄድ እየጮህኩ ስለማወራው ጎረቤቱ ሁሉ ጉዳያችንን ያውቅ ነበር።

አምቦ ላይ የመስሚያ መሣሪያ የሚሸጥ አጣሁ። ያኔ ኢንተርኔት አገር ውስጥ ገብቷል፣ ዓለም አንድ መንደር ሆናለች ይባላል። እኔም አምኜ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ አንድ የውጭ አገር መደብር ተከፈተልኝ። የመንገድሽ ስም? የቤት ቁጥርሽ? ይለኛል። የኛ ሰፈር የሚታወቀው «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» በመባል ነው፤ እሱኑ ጻፍኩ። በመጨረሻ የክፍያ ካርድ ጠየቀኝ። ባንክ ሄጄ ስጠይቅ ገንዘብ ተቀባዩ ሳቀ። «እህቴ፣ የኛ ካርድ እኮ ከአገር አይወጣም!» አለኝ። የሚያስቀው ምኑ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አዲስ አበባ ያሉ ሻጮች የከፈቱትን የኢንተርኔት ገጽ በስልኳ አሳየችኝ። መሣሪያው ፎቶው ላይ ያምራል። ደወልኩ፤ ድምፅዋ ማር የሆነ ሴት አነሳች።

«መጀመሪያ ባንክ አስገቢ፣ ከዚያ በአውቶቡስ እንልክልሻለን» አለች።

«ዕቃውን ሳላየው?»

«ፎቶው እኮ አለልሽ!»

አስገባሁ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አይነሳም፤ ሲነሳም መልሱ «ነገ» ነው። መናኸሪያ ስመላለስ ረዳቶቹ መልኬን ለመዱት። ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ አንድ ሹፌር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር በመስኮት አቀበለኝ።

ይዤው ጎጆ ወጣሁ። አባቴ ጆሮው ላይ ሲሰካው ፊቱ በራ።

«ይሰማል?»

«ኤዬ፣ ኤዬ! ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ በኦሮምኛ፤ አዎ፣ አዎ፣ አመሰግናለሁ ልጄ ማለቱ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

እውነቱን ያወቅኩት አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከጎኑ ተቀምጬ ነው። ጉባኤው ለጸሎት ጸጥ ሲል፣ ጆሮው ላይ ያለው ነገር ማፏጨት ጀመረ። ሰው ሁሉ ዞረ። ወጣቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። አባቴ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ ፉጨቱን እንኳ አልሰማውም። ቤት ስንገባ ነቅዬ የራሴ ጆሮ ላይ አደረግኩት። ሲር ከሚል ፉጨት በቀር ምንም የለም።

«ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ደክመሽበት የለም እንዴ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ለሻጯ ሴትዮ ደወልኩ።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ እህት።»

«ሱቃችሁ የት ነው? ራሴ እመጣለሁ።»

«ሱቅ የለንም፣ ኦንላይን ነን» ብላ ዘጋችው።

ኦንላይን ነን! ሰማይ ላይ ነን እንደማለት። አምቦ ገበያ የታመመ በግ የሸጠልህን ሰው በሚቀጥለው ገበያ እዚያው ታገኘዋለህ፤ ኮሌታውን አንቀህ ታናግረዋለህ። የዚህችን ምኗን ልያዝ? ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «የተከሳሽ አድራሻ?» ሆነ። የማስመዘግበው አድራሻ ስለሌለኝ ወጣሁ።

በመጨረሻ አባቴን ይዤ አዲስ አበባ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ዕቃውን አገላብጦ አየና፣ «ጫማ እንኳ ተለክቶ ነው የሚገዛ፤ ጆሮ በፎቶ ይገዛል?» አለኝ። ልክ ነው። ግን ከአምቦ እስከ ባኮ ጆሮ የሚለካ ሰው ቢኖር እኔ ፎቶ ላይ ምን አንጠለጠለኝ? ይህን ስለው የአባቴን ጆሮ ወደ መመርመር ዞረ። አንደኛው ጆሮ አልቆለት ነበር። ለሌላው፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ፣ በልኩ የተሠራ መሣሪያ አገኘን። ባደረገው ቀን እንደ ልማዴ ስጮህ አባቴ እጁን አነሳ። «ቀስ በይ፤ ምን ያስጮህሻል?» አለኝ።

ንዴቴ ግን አልበረደም። በኋላ ያን ገጽ ከፍቼ ሳይ አንዲት ልጅ፣ «ባኮ ላለች እናቴ ፈልጌ ነበር፣ ትልካላችሁ?» ብላ ጠይቃለች። «በደስታ!» ብለው መልሰውላታል። «አትግዢ፣ አባቴን መሳቂያ አድርገውታል» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ የጻፍኩት ጠፍቷል፣ ገጹም ለእኔ ተዘግቷል። ልጅቷ ታንብበው አታንብበው አላውቅም። ባኮ ዘመድ የለኝም፤ መንገድ ላይ ባገኛት እንኳ አልለያትም።