ላይኛው ምክር ቤት ፊት ዝም ያልኩ ዕለት

እናቴ በስደት አገር ከሃያ ዓመት በላይ የኖረችበት የመንግሥት ፎቅ እንዲፈርስ ተወስኖ፣ ነዋሪው ተራ በተራ ወደ ሌላ ሰፈር እየተዛወረ ነበር። በዚህ መሀል አንድ ደብዳቤ መጣላት። የስቴቱ ፓርላማ ላይኛው ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ ስለ ሕንፃዎቹ ነዋሪዎችን እየሰማ ስለሆነ፣ እሷም ቀርባ እንድትናገር ይጋብዛታል። ስሟን ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። ደብዳቤውን ሳነብላት መነጽሯን አደረገች። እንግሊዝኛ አታነብም፤ የመንግሥት ወረቀት ግን ያለ መነጽር አይሰማም ባይ ናት።

«ላይኛው ማለት ከሌላው የሚበልጠው ነው?» አለችኝ።

«አይደለም እማ። መንግሥት የሚቆመው በታችኛው ነው። እነዚህ ከታች የመጣውን ሕግ ደግመው ያዩታል፤ ያልተስተዋለ ነገር ካለ ‹እስቲ መልሳችሁ እዩት› ይላሉ። ሰው ጠርተውም ይሰማሉ። ይጠይቃሉ እንጂ መንግሥትን አያዙትም።»

«ካላዘዙማ ምን ሊረቡኝ?» አለች። ደግሞ መለስ ብላ፣ «ይሁን፣ የሚጠይቅ ሰው መኖሩም ቀላል አይደለም» ብላ ደብዳቤውን አጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው።

እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከጎኗ ባለው ቤት እትዬ የምላቸው አንዲት የወሎ ሴት ይኖራሉ። ሙስሊም ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፤ እዚህ አገር አንድም ዘመድ የላቸውም። የእናቴ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ፣ የእሳቸው ቁልፍ እናቴ ዘንድ ነው። እትዬ ስኳር አለባቸው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ በራቸውን ታንኳኳለች፤ ካልመለሱላት በቁልፏ ከፍታ ትገባለች። አንድ ቀን እንዲሁ ስትገባ ስኳራቸው ወርዶ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀው አገኘቻቸው። አምቡላንስ እስኪመጣ ከንፈራቸውን ማር እየቀባች፣ በስማቸው እየጠራች አቆየቻቸው። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ አይተርፉም ነበር ብሏታል።

አሁን ግን ለእናቴ የተሰጣት ቤት ከከተማው ምዕራብ ዳር፣ ዌሪቢ ነው፣ እኔ ያለሁበት። የእትዬ በሰሜኑ ዳር፣ ክሬጊበርን ሆነ። በባቡር ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ከተማ ገብቶ፣ ባቡር ቀይሮ፣ ግማሽ ቀን ማባከን ነው። የማዛወሪያው ፎርም «ቤተሰብ» የሚል ሳጥን አለው፤ ቁልፍሽን የያዘችው ማን ናት ብሎ ግን አይጠይቅም። እናቴ ለኮሚቴው ልትናገር ያሰበችው ይህንን ነው፤ ሁለታችንን አንድ ኮሪደር ላይ አድርጉን፣ የትም ይሁን።

እውነቱን ልናገር፣ እናቴ ወደ እኔ ሰፈር መምጣቷ ደስ ብሎኝ ነበር። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ከሺፍት ስወጣ እሷን ለማየት ከተማውን ማቋረጥ ሰልችቶኝ ነበር። ይህን ያኔ ለማንም አልተነፈስኩም።

የቀጠሮው ዕለት እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትለብሰውን ሰማያዊ ካፖርት ለበሰች። እትዬ አልመጡም። «እኔ ከመጣሁ ለራሴ የለመንኩ ይመስላል። አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ዱዓ አደርጋለሁ» ብለው እስከ ሊፍቱ ሸኙን። ፓርላማው ደረጃ ላይ እናቴ ሁለት ጊዜ አረፈች። ጠባቂው በመንገዳችን ላይ የላይኛውን ምክር ቤት አዳራሽ በበሩ በኩል አሳየን፤ ቀይ ምንጣፍ፣ ቀይ ወንበር፣ ወርቅ የተቀባ ጣሪያ። «እዚህ ተቀምጦ ለደሃ አለማሰብ ይቻላል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ኮሚቴው የሚሰማን ግን ከዚያ ባነሰች ክፍል፣ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። ሰብሳቢዋ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት፤ አስተርጓሚም መድበውልናል። የተሰጠን ጊዜ አጭር ነው፤ እሱም ለትርጉሙ ይካፈላል። እናቴን ተቀምጠው ይናገሩ ቢሏት እምቢ ብላ ቆመች።

«ጌታ ይባርካችሁ» ብላ ጀመረች። «ስንንከራተት አስጠጋችሁን። ቤት ሰጣችሁን፤ ልጆቻችንን አስተማራችሁልን። ምንም የጎደለብን የለም። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። የወለዳችሁት ይባረክ።»

አስተርጓሚው አንዲት ቃል ሳይጥል ይተረጉማል። አንዱ አባል ይጽፋል። እኔ አልደነገጥኩም፤ ይህ የእኛ ወግ ነው። ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም ምስጋናውና ምርቃቱ ይቀድማል፤ ጉዳዩ በመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከመጣ ብልግና ይሆናል። እናቴ ልጆቻቸውን መረቀች፤ አገሩን መረቀች፤ አስተርጓሚውንም ሳይቀር መረቀችው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ የራሱን ምርቃት በእንግሊዝኛ ተናገረ። ከዚያ ተቀመጠች። ትንፋሽ ወስዳ ትቀጥላለች ብዬ ጠበቅሁ።

ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አየችና ወደ እኔ ዞረች። የምትጨምሪው ነገር አለ ወይ አለችኝ። እናቴም ዞር ብላ አየችኝ።

ያን አስተያየት አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ልጅ ሳለሁ እሷ በሰው ፊት ስትናገር ጣልቃ ከገባሁ ቤት ስንደርስ ቁንጥጫ ይጠብቀኛል። እናት በተናገረችው ላይ ልጅ አትጨምርም። «እሺ፣ ዝም በይ» ያለችኝ መሰለኝ። በእንግሊዝኛ፣ «የለም፣ እናቴ ሁሉንም ብላዋለች፤ እናመሰግናለን» አልኩ። አስተርጓሚው የእኔን መልስ ለእሷ አልተረጎመላትም፤ የቀጣዩ ሰው ስም ተጠርቶ ነበር።

ትራም ላይ እጄን ያዘች። «በደንብ ነገርሽልኝ?»

«ምኑን?»

«የእኔንና የእሷን ነዋ! ምርቃቱን እኔ፣ ጉዳዩን አንቺ። እኔ በገዛ አፌ እንዴት ብዬ ልለምን? እንደዚያ ዞሬ ያየሁሽ እኮ አሁን በይ ብዬ ነው።»

«አዎ እማ» አልኳት። «ነግሬልሻለሁ።» ቤት ስገባ ጽፌ እልካለሁ፣ ውሸቴ በዚያው እውነት ይሆናል ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጻፍኩ። የጽሑፍ አስተያየት መቀበያው ጊዜ ማለፉን፣ ያም ሆኖ መልእክቴን ለአባላቱ እንደሚያደርሱ በትሕትና መለሱልኝ። ከሳምንታት በኋላ የንግግሯን ግልባጭ እንድናርም ላኩልን። ማረም የሚቻለው በስሕተት የተሰማውን ብቻ ነው ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት፤ በስሕተት የተሰማ አንድም ቃል የለም። «ምንም የጎደለብን የለም» ብላለች። እኔም «ሁሉንም ብላዋለች» ብያለሁ። የእነሱ ሥራ የታችኛው ቤት ያላየውን ማየት ነበር፤ እኔ የሚያዩት ነገር ይዤላቸው አልሄድኩም።

የለቀቁ ዕለት ሁለቱ አሮጊቶች ኮሪደሩ ላይ ቆመው አንዳቸው የሌላውን ቁልፍ መለሱ፤ ለቤቶች ቢሮ ማስረከብ ነበረባቸው። «ግድ የለሽም፣ ምክር ቤቱ መልስ እስኪልክ ነው» አሏት እትዬ እየሳቁ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ጠዋት ጠዋት በማንኳኳት ፈንታ ትደውላለች። ክረምት ላይ አንድ ጠዋት ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። እንደገና ደወለች፤ አሥር ጊዜ ደወለች። ስልክ በር አይከፍትም። ለእኔ ደውላ፣ እኔ ለፖሊስ ደውዬ፣ በሩ ተሰብሮ ሲገባ እትዬ ወጥ ቤት ውስጥ ነበሩ። ከሞቱ ሰዓታት አልፏቸዋል።

የመስጊዱ ሰዎች በማግስቱ ቀበሯቸው። ከለቅሶው ስንመለስ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ከተማውን አልፈን ያራቪል ስንደርስ እናቴ መስኮቱን እያየች ጀመረች።

«እኛስ ነግረናቸው ነበር። አንቺም በእንግሊዝኛ፣ አጥርተሽ ነግረሻቸዋል። ምን ያድርጉ፣ ማዘዝ አይችሉም አላልሽኝም? ይቅር ብያቸዋለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። ከፊታችን ያለው መብራት አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ጥሩምባ ነፉብኝ፣ ነዳሁ።

«አንቺን ግን» አለች፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ «ጌታ ይባርክሽ ልጄ። የዚያን ቀን አፍ ሆነሽልኛል።»

ምርቃት ሲመረቅ የሚመለሰው አንድ ቃል ነው። «አሜን» አልኩ።