እናቴ የወፈረችበት ዓመት

«ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ሲባል ደስ የማይለው ሰው በወሎ ምድር ካለ እኔ ነኝ። ባለፈው ጥር ደሴ ካለ ሆስፒታል ታክሜ፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ የመድኃኒቱን ፌስታል ስከፍት ትንሿን ነጭ ክኒን አየኋት። ማሸጊያው ላይ ረጅም የፈረንጅ ስም ተጽፏል፤ እኔ ግን የማውቃት በሌላ ስሟ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን እስክንጨርስ ከእጄ አላስቀመጥኳትም።

ልጅ እያለሁ እናቴ ኮምቦልቻ ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ፈትል ክፍል ውስጥ ትሠራ ነበር። አባቴ ገና ዳዴ ስል ስለሞተ ቤታችን የሚቆመው በእሷ ሁለት እጆች ነው። ከሥራ ስትመለስ ሻሿ ላይ የጥጥ ብናኝ ሰፍሮ፣ ልብሷ የማሽን ዘይት እየሸተተ ትገባለች። እሁድ እሁድ ጉልበቶቿ መሀል ታስቀምጠኝና ጸጉሬን ቅቤ ቀብታ ሹሩባ ትሠራኛለች። ጣቶቿ የተበጠሰ ክር መቀጠል የለመዱ ስለሆኑ ሹሩባዬ ቀጭን ቀጭን፣ ጥብቅ ያለ ነበር፤ ትምህርት ቤት አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ «ማን ነው የሠራሽ?» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ «እማዬ» እላለሁ።

አንድ ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልጨበጥ አሏት። አንጓዎቹ አብጠው፣ የውሃ ጣሳ ማንሳት እንኳ አቃታት። ጉልበቷና ወገቧም ተከተሉ። ሰፈሩ ሁሉ ግን ምን እንደሆነ ያወቀ መሰለው፤ ብርድ ነው! ወይ ጉድ፣ ያለነው እኮ ኮምቦልቻ ነው፣ ሰው በቀትር ጥላ የሚሻማበት አገር። እናቴ ተወልዳ ያደገችው ደጋው ኩታበር ስለነበር «የኩታበር ብርድ ነው፣ ከአገሯ ይዛው ወርዳ ነው» አሉ። በቃ፣ ስም ወጣለት። ስም ከወጣለት በኋላ ሌላ ነገር የጠየቀ የለም።

ዋግምት ታገመች፤ ጀርባዋ ላይ ክብ ክብ ጠባሳ ቀረ። ወጌሻው ጣቶቿን አንድ በአንድ ሲስብ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ድምፅ ሳታወጣ ታለቅስ ነበር። ፍል ውሃ ወርዳም ተዘፈዘፈች። ቤታችን ከጥጥ ሽታ ይልቅ የወገብ ቅባት ሽታ ያዘ፤ ዛሬም ያ ቅባት ከሰው ላይ ሲሸተኝ እንባዬ ይመጣል። ጤና ጣቢያ ማስታገሻ ሰጥተው፣ ደሴ ወጥተሽ ደምሽን ተመርመሪ፣ ራጅም ተነሺ አሏት። እሷ ግን ፈራች። መታመሟ ከታወቀ ከሥራ የምትወጣ መሰላት። ጠዋት ጣቶቿን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ታፍታታና፣ ፋብሪካው በር ላይ ስትደርስ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቃለች።

ያኔ ነው ሰዓዳ የምትባል የሥራ ጓደኛዋ ነጯን ክኒን ያመጣችላት። መናኸሪያው አካባቢ ካለ አንድ መድኃኒት መሸጫ፣ ያለ ሐኪም ወረቀት ትገኝ ነበር። የፈትል ክፍል ሴቶች ያወጡላት ስም «ተነሽ» ነው። «ዛሬ ተነሽን ውጠሻል?» ይባባላሉ። ወላሂ፣ እንደ ስሟ ነበረች። እናቴ በዋጠች በማግሥቱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እጇን ጨበጥ ዘርጋ፣ ጨበጥ ዘርጋ አድርጋ አየችና ሳቀች። ያን እሁድ ጸጉሬን ሠራችኝ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ መወፈር ጀመረች። ፊቷ ሞላ፣ ጉንጮቿ ክብ ሆኑ፣ ቀላ አለች። ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ በራችን ላይ ቆመው «ማሻ አላህ! አንቺ ዘሀራ፣ ፊትሽ እኮ ጨረቃ መሰለ! ምን እየበላሽ ነው? ወይስ ባል ደብቀሻል?» እያሉ ያስቋታል። ለዒድ ኩታበር ስንወጣ ዘመዶቿ ጉንጯን እየቆነጠጡ፣ ከተማው ተመቻት፣ አላህ ካሳት አሉ። የእኔማ ኩራት ለጉድ ነበር። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት የእናቴን ውፍረት እያነሳሁ ጓደኞቼን አበሽቃለሁ፤ የእነሱ እናቶች ከሲታ ነበሩዋ!

ክንዷ ትንሽ ሲጋጭ የሚወጣውን ሰማያዊ ምልክት፣ ማጅራቷ ላይ የተቆለለውን ሥጋ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳውን ቆዳዋን ማን ልብ ይበል! ክኒኗ ያለቀችባት ቀን ከአልጋ መውረድ ያቅታታል። ስለዚህ እንዳታልቅባት ትሰጋለች፤ አንዷ አልበቃ ስትላት ደግሞ ሁለት ትውጣለች።

አንድ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ልብስ አጥባ ጨረሰች። የተጨመቀው ልብስ ያለበትን ሳፋ ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሳፋውን ለቀቀችና መሬቱ ላይ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። «ሐያት፣ እትዬ ከድጃን ጥሪያቸው» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ወጌሻ እንጥራ ሲል፣ እትዬ ከድጃ ናቸው «ይበቃታል መታሸቱ!» ብለው ተቆጥተው መኪና ያስመጡት። እኔንም ይዘውኝ ደሴ ወጣን።

ሐኪሙ ራጁን መብራቱ ላይ ሰቅሎ አየው። ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ሲጠይቃት «ተነሽን» አለችው። አልገባውም። ከሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠሮዋን ፈትታ ስታሳየው ፊቱ ተለወጠ። ሕመሙ ብርድ አይደለም አላት፤ ገላዋ የራሷን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ ነው፣ በጊዜ ቢታይ ኖሮ የሚይዘው መድኃኒት ነበረው። ነጯ ክኒን እብጠቱን ታበርዳለች፣ ግን ያለ ልክና ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ስትዋጥ አጥንት ታሳሳለች፤ የወገቧ አጥንት ተጨፍልቋል። አሁን ደግሞ ክኒኗን ባንዴ መተውም አደጋ ስላለው ቀስ በቀስ ነው የምትቀነሰው።

«ለመሆኑ ፊትሽ እንዲህ ሲያብጥ አንድ ሰው እንኳ ምን ሆንሽ አላለሽም?» አላት።

እናቴ ጣሪያውን እያየች «ሁሉም አማረብሽ ነበር የሚሉኝ፣ ዶክተር» አለችው። እትዬ ከድጃ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። ሐኪሞችም ክኒኗ የምታሳብጠውን ያንን ፊት «የጨረቃ ፊት» እንደሚሉት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

እናቴ ፋብሪካ አልተመለሰችም። ወገቧ ጎብጦ፣ ጣቶቿ ተጣመው ቀሩ። አጎቴና እትዬ ከድጃ ባይደርሱልን ምን እንሆን እንደነበር አላህ ያውቃል። ጸጉሬን የሚሠራልኝ ስለጠፋ መስከረም ላይ ተላጭቼ ትምህርት ቤት ገባሁ። የላጩኝ እትዬ ከድጃ ናቸው፤ እኔ ስላጭ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር።

ዛሬ እሷ ያኔ የነበረችበት ዕድሜ ላይ ነኝ። ባለፈው ጥር ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልጨበጥ ሲሉኝ፣ ብርድ ነው ያለኝን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ደሴ ወጣሁ። ያው የእሷ በሽታ ነው። ግን በጊዜ ደርሰሻል ተባልኩ። በሳምንት አንዴ የምትዋጥ ዋና መድኃኒት ታዘዘችልኝ፣ ደሜ በየጊዜው ይታያል፣ ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ልጅም የጣትና የወገብ እንቅስቃሴ አሳይታኛለች። ዋናው መድኃኒት ሥራውን እስኪጀምር ደግሞ ለጥቂት ሳምንት፣ በትንሹ፣ እየተቀነሰች የምትቆም ነጯ ክኒን። ሌላ የለም ወይ ብዬ ሐኪሙን ነዘነዝኩት፤ የእናቴንም ነገር አጫወትኩት። ታግሶ ሰማኝና፣ በልኩ ከተወሰደች መድኃኒት ናት፣ እኔም እከታተልሻለሁ አለኝ። አመንኩት፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም።

ያን ቀን ከሚኒባሱ ወርጄ ቤት ስገባ ክኒኗን ለእናቴ አሳየኋት። በተጣመሙ ጣቶቿ መሀል ይዛ ወደ ዓይኗ አስጠጋቻት።

«ተነሽ ናት» አለች።

ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። ክኒኗን መልሳ እጄ ላይ አደረገችልኝ።

ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ታስቀምጠኛለች። ሹሩባ መሥራት ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ አሁን እነዚያ ጣቶች ጉንጬን ነው የሚዳስሱት። እማዬ፣ ክኒኗን እኮ ካቆምኩ ቆየሁ ብላትም አትሰማኝም። ያኔ አገር ምድሩ የእሷን ፊት እያየ ማሻ አላህ ይል ነበር። ዛሬ መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሁሉ «ምነው ከሳሽ፣ ምን ነካሽ?» እያሉ ከንፈር ይመጥጡልኛል። እናቴ ብቻ ናት ጉንጬን ዳስሳ ስትጨርስ «ከስተሻል» ብላኝ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «አልሀምዱሊላህ» የምትለው።